ጠብ

ሐምሌ ነው። ጅማ ላይ ሰማዩ ተደፍኗል፣
ከጅሬን ኮረብታ ጉም ቁልቁል ይወርዳል፣
አዌቱ ደፍርሶ ድልድዩን ይገፋል።
እኔና እልፍነሽ ቃል ካልተለዋወጥን
ዛሬ አሥራ አንድ ቀን።

ነገሩ ገንዘብ ነው። የዕቁባችንን ብር
ወንድሜ ቢለምነኝ ሰጠሁት በስውር።
ለጣራው ነበረ፣ ለአዲሱ ቆርቆሮ፤
እሷ ከልብስ ስፌት፣ እኔ ካናጢ ኑሮ
ሁለት ዓመት ሙሉ የቋጠርነው ነው።
ስትሰማ አልጮኸችም። ያለችኝ ይህን ነው፦
«ለምን አልነገርከኝ?»
መልስ ሲጠፋኝ ጊዜ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤
ጥፋተኛ ሰው የሚጮኸውን ያን ጩኸት ጮኽሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ በሲፈን አፍ ያድራል፦
«እማዬ፣ አባዬ በልቻለሁ ይላል።»
«አባዬ፣ የመብራት ክፈል ተብለሃል።»
ስድስት ዓመቷ ነው። ከጓዳ እስከ ሳሎን
የሁለት ሰው ኩርፊያ አመላልሳ እንደ ፖስታ፣
ትናንት ደክሟት መሰል በሩ ላይ ቆመች፣ እኛን ተመልክታ፤
«እዚሁ እኮ ናችሁ!» ብላን ሄዳ ተኛች።

ቁጣ ከጀንበር ጋር አብሮ ይጥለቅ ሲባል
ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ይገባኛል።
ግን ያኮረፈ ሰው ጠበቃ መች ያጣል?
«በጅማ ሐምሌ» አልሁ «መች ወጥታ ትጠልቃለች?» ብዬ፣
መጋዜን አንሥቼ ወደ ፈረንጅ አራዳ ወረድሁ፣ ለራሴ ፈርጄ።

እሑድም አንድ ጃንጥላ ሥር፣ ሳንነካካ ሄድን፤
ሰው ሰላም ሲለን «እግዚአብሔር ይመስገን»
አልን እኩል፣ ሁለታችንም ዋሽተን።

አልጋችን ዋንዛ ነው፤ ለሠርጋችን ብዬ በእጄ የሠራሁት፣
ሚስማር የለበትም፤ ወንዴውን ከሴቴው ነው ያጋጠምሁት።
ደንበኛ ሲመጣ እንዲህ እለዋለሁ፦
«በበጋ ላላ ብሎ ቢንጫጫ አትደንግጥ፤
ክረምት ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ራሱ ይጠብቃል።»
ለሰው እነግራለሁ። ራሴ መች ሰማሁ?

ያን ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን በሳው፣
በእሷ ወገን በኩል።
ጠብ።
ጠብ።
ብርድ ልብሱ ላይ።
ሳህን አስቀመጠች፤ እኔን አልቀሰቀሰች።
ልጅቷን ወደ እኔ አስጠግታ፣ ጥጉ ላይ ኩርምት አለች።
ጠብ። ያልተገዛው ቆርቆሮ። ጠብ። ያልነገርኳት ነገር።
ቤታችን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ነበር።

ተነሣሁ። አልጋውን ብቻዬን ልጎትተው ብል
አልተነቃነቀም።
ዋንዛ እኮ ነው፤ አንድ ሰው አያነሣውም።
እልፍነሽ ወረደች። በጨለማው ዞራ ሌላውን ጫፍ ይዛ
«ያዝ» አለች።
ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ ሁለት ፊደል ብቻ።
«ያዝኩ።»
«ቀስ፣ ልጅቷ አለች።»
«ግድግዳውን እይ።»
ሲፈንን ከነሕልሟ ተሸክመን ደረቁ ቦታ አሳረፍናት።

አልጋው በነበረበት፣ አቧራው መሐል፣
የጠፋኝ እርሳስ፣ የእሷ አንድ ጉትቻ፣ የልጅ ካልሲ።
ለማንሣት እኩል ብናጎነብስ
ግንባራችን ተጋጨ።
መሳቅ አልፈለገችም። አመለጣት።

«አጥፍቻለሁ» አልኳት።
«ምናልባት» አልጨመርሁም፤ «ግን»ም አላስከተልሁ።
ዝም አለች፣ ቆየች፤ ከዚያ፦
«ወንድምህ ወንድሜ ነው። ብትነግረኝ ከእኔም እጨምር ነበር።
የጎዳኝ ብሩ አይደለም፤
አንተ ለብቻህ ደግ መሆንህ ነው።»

ጠርዙ ላይ ተቀመጥን። ለጸሎት አፌን ከፈትሁ፤
«ጌታ ሆይ፣ እኔ…» ብዬ ቆምሁ። አረምሁት፦ «እኛ» አልሁ።
ሌላ ቃል አልመጣም።
እሷ «አሜን» ብላ ሳህኑን ልትደፋ ወጣች።

ጠዋት ሲፈን ነቃች። አልጋው ዞሯል፤ ግራ ገባት።
ዓይኗን እያሸች፣ የለመደችውን ሥራ ልትጀምር፣
«እማዬ፣ ለአባዬ ምን ልበልልሽ?» ስትላት፣
«ተይው» አለች እልፍነሽ፣ «እኔ እነግረዋለሁ።»

ጣራው አሁንም ያፈስሳል። ወንድሜ ለጥቅምት ብሏል።
ሳህኑ እዚያው ነው፤
ጠብ የሚለው ግን ውኃ ነው።